መኪናውን ከፍ ከማስደረጋችሁ በፊት

የዕረፍት ሰሞን ሲቃረብ ከአዳማም ከአዲስ አበባም ወደ ላንጋኖ የሚወርደው ቤተሰብ ብዙ ነው። የእኔ እኩዮች የበቀለ ሞላ ሆቴልን ዘመን ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ በቮልስና በፊያት ሄደን፣ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ሐይቁ ዳር እንደርስ ነበር። የዛሬ ልጆቻችን ግን ሰው የሚበዛበትን የምዕራቡን ዳርቻ ትተው ወደ ቢሻንጋሪ በኩል፣ ጫካው ወዳለበት መሻገር ይወዳሉ። በዚያ በኩል መንገዱ ጠጠርና ዱቄት የመሰለ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጭቃ። ስለዚህ ፎር ዊል መኪና ያለው ብዙ ሰው ከጉዞው በፊት ጋራዥ ይገባና “ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ” ይላል።

ይህ ጥያቄ ባለፈው ዓመት በእኛም ቤት ተነሣ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ በኤንትሬ፣ ከዚያ በኋላ በተሳቢ በጅቡቲ መስመር ሠርቻለሁ። የልጄ መኪና ግን እኔ እንደማውቃቸው መኪኖች ባሌስትራም የብረት ሞላም የለውም፤ የቆመው በአየር ላይ ነው። ልጄ ለላንጋኖ መንገድ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ሊያስደርገው ፈለገ። በዚያ መኪና የሚሳፈሩት ሦስቱ የልጅ ልጆቼና ጉልበቷን የሚያማት ባለቤቴ ስለሆኑ እኔም አብሬው ጋራዥ ገባሁ። እዚያ ያየሁትንና በኋላ መንገድ ላይ የገጠመንን ላካፍላችሁ፤ በእናንተም ቤት ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና።

በአየር የቆመ መኪና

ነገሩ በቀላሉ እንዲህ ነው። በጎማው በኩል በብረት ሞላ ፋንታ አየር የተሞላ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት አለ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር አየሩን እየጨመቀ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ከረጢቶቹ ይልካል። ከጎማዎቹ አጠገብ ደግሞ ከፍታ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ኮምፒውተሩ ልኩን እያነበበ አየር ይጨምራል ወይም ያስተነፍሳል። ሻንጣና ሰው ሲበዛ መኪናው ከኋላው የማይጎብጠው ለዚህ ነው።

በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ይህን አሠራር ወደ ፎር ዊል መኪኖች ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ሬንጅ ሮቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3 ደግሞ አየሩ በአራቱም ጎማ ያለበት ሞዴል አለው። አዝራሩ ሲነካ ለመሳፈር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ፣ ለገጠር መንገድ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። በአገራችን ብዙ ከሚታዩት ከቶዮታ ፕራዶዎች አንዳንዶቹም አየር አላቸው፤ የእነሱ ግን ከኋላ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ ገንዘብ ያድናል። እንደ ፕራዶ ያለ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙበት መኪና ከረጢቱ ሲነፋ ከፍ የሚለው ቦዲው ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም። በገጠር መንገድ መሐል ላይ የወጣ ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚመታው እሱን ነው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ እንጂ ብዙ አየር አይደለም።

ኮምፒውተሩን ማታለል

መካኒኩ ለልጄ ያቀረበለት ዘዴ ርካሽ ነበር። ከፍታ የሚለካውን መሣሪያ ከጎማው ክንድ ጋር የምታያይዝ ትንሽ ዘንግ አለች። እሷ ርዝመቷ በተለየ ዘንግ ስትቀየር መሣሪያው መኪናው ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም አየር ይጨምራል። በዚህ ዘዴ መኪናው አንድም ቦታ አልጠነከረም፤ የተደረገው ነገር ኮምፒውተሩን ማታለል ነው።

ሦስት ነገር ጠየቅሁት። መጀመሪያ፣ “ለመሳፈር ዝቅ የሚለውስ ምን ይሆናል?” አልኩት። “አባቴ፣ እሱም አብሮ አምስት ሴንቲ ከፍ ይላል” አለኝ። ለወጣት አምስት ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ራሱ በመውጣትና ሰው ደግፎት በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ባለቤቴ ያንን መኪና የምትወደው ዝቅ ስለሚልላት ነበር።

ሁለተኛ፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁ። እንዲህ ያሉ መኪኖች ፍጥነት ሲጨምሩ ራሳቸው ዝቅ እንዲሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ዲስከቨሪ 3 ለምሳሌ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከገጠር ከፍታው ይወርዳል። ከፍ ያለ መኪና በኩርባ ላይ ያዘነብላል፤ ድንገት መሪ ሲጠመዘዝም የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ዘንጓ ከተቀየረች በኋላ ግን መኪናው ዝቅ አልኩ ብሎም ፋብሪካው ካሰበው አምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ይሮጣል። ላንጋኖ ለመድረስ ደግሞ አብዛኛው ጉዞ በአስፋልት ነው። ሞጆን፣ መቂንና ባቱን አልፈን የምንሄደው ለመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር በተዘጋጀ መኪና ከሆነ ስሌቱ ተገልብጧል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ስለ ሌላው ዕቃ ነበር። መኪናው ከፍ ሲል ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ያዘነብላል፤ መጋጠሚያውና ቅባቱን የሚይዘው ላስቲክ ቶሎ ያልቃሉ። የፍሬን ቱቦ ይወጠራል። አላይመንቱ ስለሚዛባ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል። የፊት መብራቱም ቀና ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። መካኒኩ ሐቀኛ ሰው ስለነበር ሁሉንም አመነ። “እነዚህ ሁሉ መታየት አለባቸው፤ ብዙ ሰው ግን ዘንጓን ብቻ አስቀይሮ ይሄዳል” አለ።

ልጄ ዝም አላለም። “አባዬ፣ ድንጋይ ሆዱን ቢመታውስ?” አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ድንጋያማ ተራራ ላይ ለሚውል፣ መንገድ ለሚያውቅ ሾፌር፣ ሌላው ዕቃ አብሮ ከተስተካከለ ከፍታው ይጠቅማል። ለእኛ መንገድ ግን ከፋብሪካው የተሰጠው የገጠር ከፍታ ይበቃ ነበር። በዝግታ ለሚሄድ ሾፌር ያ አዝራር ለዚሁ የተሠራ ነው።

በዚያው ገንዘብ የሠራነው

እኔን ያሳሰበኝ አየሩ ከነጭራሹ ቢያልቅ ምን እንደምናደርግ ነበር። ላስቲክ ያረጃል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያሉትን መኪኖች ጠግነን ረጅም ጊዜ መያዛችን አይቀርም። ስለዚህ የከፍታውን ሐሳብ ትተን አራት ነገር አሠራን።

አንደኛ፣ ከረጢቶቹን መረመርን። ስንጥቅ የሚደበቀው ላስቲኩ በሚታጠፍበት ቦታ ስለሆነ የሚታየው መኪናው ከፍ ብሎ ላስቲኩ ሲዘረጋ ነው። መካኒኩ መኪናውን በብረት ድጋፍ አስቁሞ የሳሙና ውሃ ቀባ፤ አረፋ ከወጣ አየር ያፈሳል ማለት ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ ተሰነጣጥቀው ስለነበር አስቀየርናቸው። ትንሽ ፍሳሽ አይናቅም። ኮምፕሬሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን አጫጭር ቱቦ አዘጋጀን። በአንድ ጫፉ ከረጢቱ ላይ ይሰካል፤ በሌላው ጫፍ እንደ ጎማ ያለ ቫልቮላ አለው። ኮምፒውተሩ ወይም ኮምፕሬሰሩ ቢያቆም በጎማ መንፊያ በቀጥታ መሙላት ይቻላል። ከረጢቱ ጎማ ከሚይዘው የበለጠ ግፊት ሊይዝ ስለሚችል ቱቦውና መጋጠሚያው ለአየር ግፊት የተሠሩ መሆን አለባቸው። የውሃ ቱቦ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ጥርሱ ያልሞተ ጎማ፣ የጎማ መንፊያና የንፋስ መለኪያ ገዛን። አሸዋና ልም አፈር ላይ ከከፍታ ይልቅ የሚጠቅመው የጎማ ንፋስ መቀነስ ነው። 35 የነበረውን ወደ 25 ገደማ ማውረድ ጎማውን ስለሚያሰፋው አይሰምጥም። አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት ግን መልሶ መሙላት ግድ ነው፤ በጎደለ ጎማ መፍጠን ጎማውን ያግለዋል፣ ያፈነዳዋልም።

አራተኛ፣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ፍራሹንና ጀሪካኑን አወረድን። ከባድ ነገር ላይ ሲሆን መኪናውን ከፍ ከማድረግ አይለይም። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተጠግቶ ታሰረ።

ቱቦው ሲበሳ

ለገና ሄድን። ከዋናው መንገድ ታጥፈን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ስንገባ ልጄ የገጠር ከፍታውን አዝራር ነካ፤ መኪናው እንደ ግመል ተነሣ፤ ልጆቹም ጮኹ። ሁለት ቀን ቆይተን ስንመለስ ግን ኋላው በግራ በኩል ቀስ እያለ ወረደ። የማስጠንቀቂያው መብራት በራ። ቆመን ስናይ ከረጢቱ ደህና ነው፤ ጠጠር የመታው ቀጭኑ ቱቦ ነበር የተበሳው።

መጀመሪያ ያደረግነው ልጆቹን አስወርደን ከግራር ሥር ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፍን። ኮምፒውተሩ በመሐል ገብቶ አየር እንዳያስተነፍስ ልጄ ፊውዙን ነቀለ። ቀጥሎ በክሪክ አነሣነው፤ ክሪኩ ቢከዳ የሚይዘው የብረት ድጋፍም ከሻንሲው ሥር አስገባን። ይህ ሁሉ ሳይሆን ማንም እጁን ወደ ውስጥ አልሰደደም። የተበሳውን ቱቦ ነቅለን አጭሩን ቱቦ ሰካን፤ ልጄ በጎማ መንፊያው ይነፋ ጀመር።

በዚህ መካከል ጋሪ የሚነዳ ሽማግሌ ደረሱ። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን። ባለቤቴን ፀሐይ ላይ ቆማ ሲያዩ፣ “እሳቸውንና ትንሿን ልጅ እኔ አስፋልቱ ድረስ ላድርስ” አሉ። ባለቤቴ ወደ ተንጋደደው መኪና ዞር ብላ አየች። “እኔስ ጋሪው ይሻለኛል፤ ንፋሱ አያልቅበትም” አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ደንግጦ የነበረው ልጄም ጭምር።

መኪናው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀና አለ። ባለቤቴም ጋሪው ሳያስፈልጋት በመኪናው ሄደች። ሽማግሌውን አመስግነን፣ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ሳንበልጥ፣ አንድ ጊዜ ቆመን እየሞላን አስፋልቱ ላይ ወጣን። አርሲ ነገሌ ላይ አንድ መካኒክ ቱቦውን በአዲስ ቀየረልን። በዚያው ቀን አዳማ ገባን። የተመረጠው ከፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በአምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ግን ቆሞ የቀረ መኪና ይዘን ልጆቹን ከጫካ ዳር ባሳደርን ነበር።

ቤት ውስጥ የሚደረግ

የልጃችሁ መኪና በአየር የቆመ ከሆነ እናንተም የምትሠሩት ነገር አለ። ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ ሲቆም ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ድረስ በአራቱም በኩል በሜትር ለኩና ጻፉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ድገሙት። አንዱ ወገን ብቻውን በግልጽ ከወረደ ከጉዞው በፊት ጋራዥ ይታይ። ልካችሁ የተጻፈበትን ወረቀት ለመካኒኩ ስጡት፤ ፍለጋውን ያሳጥርለታል። ከፍታውን ማስለወጥ የግድ ከሆነም ዓመታዊ ምርመራውና የኢንሹራንስ ውሉ ይህን ለውጥ እንደሚቀበሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከአደጋ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ መልሱ ከባድ ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ልጆች ነው። በብረት ሞላ የቆመ መኪና ቆሞ ሳለ ቁመቱ አይለወጥም። በአየር የቆመው ግን አዝራር ሲነካ፣ ኮምፒውተሩ ከፍታውን ሲያስተካክል ወይም አየር ሲያፈስ ሰው ሳያስበው ሊወርድ ይችላል። ኳስ ከመኪና ሥር ሲገባ ልጅ ተከትሎት ይገባል፤ በግቢያችን ስንት ጊዜ አይተናል። ስለዚህ በእኛ ቤት አንድ ሕግ አለ፦ ኳስ ከመኪና ሥር ከገባ በመጥረጊያ እንጨት የሚያወጣው አዋቂ ነው። ትንሿ የልጅ ልጄ ሕጉን ስለምታውቅ ኳሷ በገባ ቁጥር “አባባ፣ እንጨቱን!” ብላ ትጠራኛለች፤ እኔም ሻዬን አስቀምጬ እነሣለሁ።