የአጥቢያችን የድምፅና የምስል መዝገብ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አይቅር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኤርምያስ፣ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ሳለ፣ በዓናቶት የነበረውን የአጎቱን ልጅ መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ውሉን በምስክሮች ፊት ካጸና በኋላ የታተመውንም ክፍቱንም ለባሮክ ሰጠው፤ ሁለቱም ለብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው አዘዘው (ኤር. 32)። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ደግሞ ንጉሥ ኢዮአቄም የትንቢቱን ክርታስ እየቀደደ በምድጃ እሳት እንዳቃጠለው እናነባለን (ኤር. 36)። ያ ክርታስ እንደገና ሊጻፍ የቻለው ነቢዩ በሕይወት ስለ ነበረ፣ ባሮክም ከአፉ እየሰማ ስለ ጻፈ ነው። ተናጋሪው ካለፈ በኋላ ለሚጠፋ መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ አጥቢያዎች የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም የስብከተ ወንጌል ክፍሉ የዓመታት ሥራ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተከማችቶ ይገኛል። የበዓለ ንግሥ ፎቶግራፎች፣ የጉባኤ ትምህርቶች፣ ከካሴት የተገለበጡ መዝሙራት፣ የሊቃውንት ቃለ መጠይቆች፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ በአጸደ ሥጋ የሌሉ መሪጌቶችና የኔታዎች ድምፅ በዚያ ውስጥ አለ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ያለው ቢሆንም የሚተላለፈው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ነው። የድጓው ስልት የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር እየተባለ ይለያል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ፣ አቋቋም ለመማር ጎንደር በአታ መሄድ የተለመደ ነው። አንድ መምህር በአጥቢያችን ቆመው ያዜሙትን የአንድ ሌሊት ማሕሌት የቀዳ ሰው እንግዲህ የአንድ ቤት ምስክርነት በእጁ አለ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ ዋጋው በገበያ ይታወቃል፤ የዚያ ሌሊት ዋጋ ግን በየትኛው ገበያ ይተመናል?

በሀገራችን ለዚህ ሥራ መልካም አብነት አለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ያከናወነችው ነው። ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የዕድሜያቸውን ብዙ ክፍል ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት አሳለፉ። ልብ ሊባል የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ አለመቀመጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ፊልም ቁጥርና መግለጫ ያለው መሆኑ ነው፤ መግለጫው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የሚፈልገውን የሚያገኝ ተመራማሪ ባልተገኘ ነበር። የእኛም ሥራ መጠኑ ቢያንስም ሥርዓቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ዲስኩ

ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ነባሩ ሀርድ ዲስክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤስኤስዲ የሚባለው ነው። ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይጎዳም። ነገር ግን ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ዓመታት በመደርደሪያ ቢቀመጥ የያዘው መረጃ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ ለዕለት ሥራ ኤስኤስዲ፣ ለማኖሪያ ነባሩ ሀርድ ዲስክ ቢመረጥ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ፍላሽ ግን ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። በገበያ ላይ መጠኑ በሐሰት የተጻፈበት ዕቃ እንደሚሸጥም መዘንጋት አይገባም፤ 2 ቴራ ባይት ነው ተብሎ በማይታመን ርካሽ ዋጋ የቀረበ ዕቃ፣ ጥቂት ከተጫነበት በኋላ አዲሱን በአሮጌው ላይ እየጻፈ ያለውን ሁሉ የሚያበላሽ ሊሆን ይችላል። አዲስ ዲስክ ከተገዛ በኋላ ዋናውን ሀብት ከመጫን አስቀድሞ እስኪሞላ ድረስ ተራ ፋይል ጭኖ መልሶ ማንበብ ብልኅነት ነው።

1 ቴራ ባይት የተባለው ዲስክ በኮምፒዩተሩ ላይ 931 ጊጋ ባይት ያህል ሆኖ ቢታይ ግን ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹና ኮምፒዩተሩ የሚቆጥሩበት ስልት ስለሚለያይ ነው። ይህ መጠን ምን ያህል እንደሚይዝ ለመገመት፣ ከካሴት ሳይጨመቅ የተገለበጠ የአንድ ሰዓት ድምፅ 635 ሜጋ ባይት ያህል እንደሚወስድ ማሰብ ይበቃል። በአንድ ቴራ ባይት ከ1,500 ሰዓት በላይ ድምፅ ይያዛል። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የመጀመሪያውን ቅጂ ወደ ኤምፒ ሦስት ጨምቆ ዋናውን መደምሰስ አስፈላጊ አይደለም፤ በመጨመቅ የጠፋ ድምፅ ተመልሶ አይገኝም። የተጨመቀው ለምእመናን ይሰራጭ፤ ያልተጨመቀው ይቀመጥ።

ዲስኩ የተዘጋጀበት የፋይል ሥርዓትም ይታይ። ፋት 32 በተባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የአንድ ሌሊት ማሕሌት ቪዲዮ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ኤንቲኤፍኤስ ለዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተስማሚ ነው። ክፍሉ ማክ ኮምፒዩተርም የሚጠቀም ከሆነ ሁለቱም የሚያነቡትና የሚጽፉበት ኤክስፋት ይመረጣል፤ ማክ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ኤንቲኤፍኤስን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልምና። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚደመስስ ይህ የሚደረገው ዲስኩ ባዶ ሳለ ነው።

ስያሜው

ከሥራው ሁሉ አድካሚው ይህ ነው፤ ጠቃሚውም ይኸው ነው። “አዲስ ፎልደር”፣ “የመጨረሻው”፣ “እውነተኛው የመጨረሻ” በሚሉ ስሞች የተሞላን ኮምፒዩተር እንዳለ ወደ ዲስክ መገልበጥ ትርምስን ማብዛት ነው። ስሙ በዓመት፣ በወርና በቀን ቁጥር ቢጀምር ፋይሎቹ በራሳቸው በዘመን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት “2016-05-11 ጥምቀት” ተብሎ ቢሰየም፣ 05 ጥርን፣ 11 ቀኑን ያመለክታል፤ ጳጉሜንም 13 ትሆናለች። ካሜራውና ኮምፒዩተሩ በራሳቸው የሚጽፉት ቀን የፈረንጆች ስለሆነ፣ ደግሞም የካሜራው ሰዓት በትክክል ተሞልቶ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ በዚያ ብቻ መተማመን አይገባም።

በፊደላችን መሰየም ይቻላል፤ ይገባልም። ነገር ግን የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ አለ። አንዱ “ሥላሴ”፣ ሌላው “ስላሴ” ብሎ ቢጽፍ ለሰው ልጅ ንባቡ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ሲፈልጉ ሌላው አይወጣም። “ሃይማኖት”፣ “ማኅሌት” ወይስ “ማሕሌት”፣ “ዐቢይ” ወይስ “አቢይ” የሚለውን ሁሉ ክፍሉ አስቀድሞ ይወስንና በአንድ ገጽ ጽፎ ይለጥፈው። የአብነት ትምህርት ያለው ሰው በዚህ ሥራ ላይ ቢገኝ ከኮምፒዩተር ባለሙያው ያላነሰ ይጠቅማል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ ዘንድ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጽሑፎች የተዘጋጁት በየራሳቸው ስልት በሚሠሩ የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች ነበር። እነዚያን የመዝሙር ደብተሮችና የመጽሔት ረቂቆች ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ወስደን ስንከፍታቸው ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች የሚታዩት ስለዚህ ነው። ፋይሉ ሲዘዋወር የተጻፈበት ፊደል አብሮት ይዘዋወር፤ ጊዜ ሲገኝም ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፤ ቢያንስ ፊደሉ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ ይቀመጥ።

ለእያንዳንዱ ፎልደር አጭር መግለጫ ማስቀመጥም ይገባል፤ ማን አዜመ፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ቤት ስልት፣ ማን ቀዳው። ድምፃቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ። ሠላሳ ዓመት አልፎ የሚሰማ ሰው ግን “አንድ መሪጌታ ናቸው” ከማለት በቀር ምንም አይልም።

ማዘዋወሩ

በዚህ ሥራ “ከት” የሚባለውን ትእዛዝ መጠቀም አይገባም። መብራት በመካከል ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል ፋይሉ ከዚህም ከዚያም ሳይሆን ሊቀር ይችላልና። ይገልበጥ፤ ይረጋገጥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከነበረበት ይነሣ። የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው፤ ከሌለ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይሻላል።

500 ጊጋ ባይት በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ወደ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በዩኤስቢ 3 ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሊያልቅ ይችላል። ትንንሽ ፋይሎች፣ ለምሳሌ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች፣ ከዚህም በላይ ያዘገዩታል። በዊንዶውስ ውስጥ አስቀድሞ ያለው ሮቦኮፒ የተባለ መሣሪያ፣ ሥራው ቢቋረጥ እንደገና ሲጀመር የተገለበጠውን እየዘለለ ስለሚቀጥል መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ እጅግ ይጠቅማል።

ከመገልበጡ አስቀድሞ ግን ኮምፒዩተሩ ከቫይረስ ይጽዳ። በእኛ ሀገር በፍላሽ የሚዛመተው፣ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው “ሾርትከት” የሚያስቀምጠው ቫይረስ ብዙዎችን አስደንግጧል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ “ጠፋ” ብሎ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ያለውን በእጅ ማጥፋት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው በቦታቸው አሉና ለባለሙያ ይታይ።

በፕሪሚየር ወይም በመሰል ፕሮግራም ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ክፍሎች ደግሞ ይህን ይወቁ። የፕሮጀክቱ ፋይል ምስሉን በውስጡ አይዝም፤ የሚገኝበትን አድራሻ ብቻ ይይዛል። ምስሎቹን ለብቻ ብንወስድ ወይም ፎልደራቸውን ብንቀይር ቅንብሩ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የአንድ ሥራ ምስል፣ ድምፅና ፕሮጀክት በአንድ ፎልደር ተሰብስበው አብረው ይሂዱ።

ከተገለበጠ በኋላ የፋይሎቹ ቁጥርና ጠቅላላ መጠን በሁለቱም ወገን ይመሳከር። ቁጥሩ ቢስማማም ፋይሉ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ከየፎልደሩ ጥቂቱን ከፍቶ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን መስማት ያስፈልጋል። የበለጠ መተማመኛ የሚፈልግ ቼክሰም የሚባለውን ይጠቀም። ይህ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ነው፤ በፋይሉ ውስጥ አንድ ነጥብ ቢለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። የሁለቱ ቅጂዎች ቁጥር አንድ ከሆነ ቅጂው ትክክለኛ ነው። ጸሐፊው ብራናውን ከጨረሰ በኋላ ከዋናው ጋር እያስተያየ እንደሚያርመው ያለ ሥራ ነው።

ማን ጋር ይቀመጥ?

ወደ አንድ ዲስክ አዘዋውሮ ከኮምፒዩተሩ መደምሰስ ችግሩን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ማሻገር ብቻ ነው። ቢያንስ ሁለት ዲስክ ይገዛ፤ የሚቻል ከሆነ የተለያየ አምራች ሥራ ይሁኑ። አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ሌላው ከግቢው ውጭ፣ ለምሳሌ በወረዳ ቤተ ክህነት ወይም በሌላ አጥቢያ በአደራ ይቀመጥ። እሳት ወይም ጎርፍ አንዱን ቤት ሲነካ ሁለቱንም እንዳይወስድ ነው። ዩቲዩብና ቴሌግራም ለማስተማሪያ እንጂ ለማኖሪያ አይታሰቡ፤ መለያው ሊዘጋ ይችላል፤ የሚመለሰውም የተጨመቀ ቅጂ ነው። በቴሌግራም ፎቶግራፍ መላክ ግድ ከሆነ እንኳ በፋይል መልክ ይላክ፤ ጥራቱ አይቀንስምና።

ዲስኩ የግለሰብ ንብረት እንዳይሆን በሰበካ ጉባኤው የንብረት መዝገብ ይመዝገብ። ብዙ ሀብት የሚጠፋው በዕቃው ብልሽት ሳይሆን “እገሌ ጋር ነበር” በሚለው ቃል ነውና። የይለፍ ቃል ከተደረገበት ቃሉ በታሸገ ወረቀት ከአስተዳዳሪው ዘንድ ይኑር። ከጧፍ፣ ከዕጣን ጢስና ከእርጥበት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በሚሽከረከርበት ጊዜ አይንቀሳቀስ።

ሁሉም ነገር ስለተቻለ ብቻ አይቀመጥም። ንዋያተ ቅድሳትን የሚያሳይ ምስል ሲገኝ ይቀመጥ ወይስ ይደምሰስ የሚለውን የሚወስኑት ካህናቱ እንጂ የሚዲያ ክፍሉ አይደለም። የሰው ጭንቀትና ችግር የተነገረበት የምክር ድምፅ በአጋጣሚ ተቀድቶ ቢገኝ ከዚህ ማኅደር ውስጥ ስፍራ የለውም።

ዲስኮቹ በየዓመቱ ንብረት ሲቆጠር ተሰክተው ይታዩ፤ ጥቂት ፋይሎች ይከፈቱ፤ የታየበት ቀንና ያየው ሰው ስም በመዝገቡ ይጻፍ። አምስት ዓመት የሞላው ዲስክ ያለ ችግር ቢሠራም ቅጂው ወደ አዲስ ይሻገር፤ አሮጌው ሦስተኛ ቅጂ ሆኖ ይቆይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።