የመረጃ ቋትን በትእዛዝ መስመር ስለ መገልበጥና ስለ መመለስ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት መዘረፉና መውደሙ የታወቀ ነው። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ ያለው መዝገብ ግን ቅጂ ከሌለው አይተካም። ስለዚህ በቢስቲማ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን መዝገብ በማይኤስኪውኤል የመረጃ ቋት ይዟል ብለን እናስብና፥ ቅጂው እንዴት እንደሚወሰድና እንደሚመለስ እንመልከት።

ቋቱ በሥራ ላይ ሳለ ፋይሎቹን እንዲሁ አንሥቶ መገልበጥ አይበቃም፤ ግማሹ የቀድሞው፥ ግማሹ የአሁኑ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ትእዛዝ «ማይኤስኪውኤልደምፕ» ይባላል። ይኸውም ሠንጠረዦቹን እንደ ገና ለመሥራትና ለመሙላት የሚያስፈልጉትን ትእዛዞች በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያሰፍራል። «ሲንግል ትራንዛክሽን» የሚለው አማራጭ ሲጨመርበት፥ በኢኖዲቢ ሠንጠረዦች ላይ ሥራ ሳይቋረጥ የአንድ ቅጽበት ምስል ይገኛል። ለመመለስ ባዶ ቋት ይፈጠርና ፋይሉ «ማይኤስኪውኤል» ለተባለው ትእዛዝ ይሰጣል።

በአማርኛ ለምንጽፈው ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ቅጂው ሲወሰድ የግንኙነቱ የፊደል ሥርዓት ላቲን 1 ከሆነ፥ ከድጃም ወልደ ማርያምም የጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። የመዝገቡ ብዛት ስለማይጐድል ጥፋቱ በቈጠራ አይታወቅም። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ፓወርሼል ደግሞ ውጤቱን በ«>» ምልክት ወደ ፋይል የመራ ሰው በዩቲኤፍ 16 የተጻፈ፥ ለመመለስ የማይመች ፋይል ያገኛል፤ «ሪዛልት ፋይል» የሚለው አማራጭ ከዚህ ያድናል። እንግዲህ በእኛ አስተያየት ቅጂ ተገኘ የሚባለው፥ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ ስሞቹ በዓይን ሲነበቡ ነው።

የሚቀመጥበትም ቦታ ሊታሰብበት ይገባል። ከቢስቲማ ብዙ በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው፥ በ13ኛው ምእት ዓመት የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፥ በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቷል፤ ፊልሙም በአሜሪካ በሚኒሶታ ጭምር ይገኛል። የትምህርት ቤቱም ቅጂ ቢያንስ አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። የተማሪ መዝገብ ለሁሉ የሚገለጥ ስላልሆነ፥ የሚወጣው ቅጂ በምስጢር ቍልፍ ይዘጋ፤ ቍልፉም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ክፍል አይደር።