መለማመጃው ከእውነተኛው ሲደባለቅ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ጠዋት በሃዋይ ሰዎች ስልክ ላይ ሚሳይል እየመጣ ነው፣ ይህ ልምምድ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ገባ። ሚሳይል ግን አልነበረም! ማስተባበያው ስልካቸው ላይ የደረሰው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው።

ምን ተፈጠረ? የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ልምምድ ላይ ነበሩ። አንዱ ጥቃቱ እውነት መስሎት መልእክቱን ላከው። ሶፍትዌሩም አላስቆመውም፤ የሙከራውም የእውነተኛውም መልእክት የሚላከው ከአንድ ገጽ፣ በአንድ የይለፍ ቃል ነበር።

ለዚህ ነው ለሥልጠና የሶፍትዌሩን ቅጂ ለብቻው ማዘጋጀት የሚያስፈልገው። ቁልፎቹ ያው ናቸው፤ መረጃው ግን የፈጠራ ነው፣ ወደ ውጭ የሚወስደው መስመርም ተቆርጧል። ስክሪኑ ላይ «መለማመጃ» ተብሎ በጉልህ ይጻፋል። ሠልጣኙ እንደልቡ ይነካካል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይሞክራል። «ላክ» የሚለውን ቢጫነው እንኳ የማንም ስልክ አይጮኽም።