ቤት የእግዜር ነው

ዛሬ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ መንገደኛ አልቤርጎ ያድራል፤ የመግሪብን ሰዓትም ስልኩ ይነግረዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በረመዳን በዚያው ሳልፍ ግን መሸብኝና የአንድ ክርስቲያን ገበሬ ደጅ ቆምኩ። «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ ልጄ» አሉኝ።

እርዳችን እንደሚለያይ ያውቃሉና ሥጋ አላቀረቡም፤ ባለቤታቸው የገብስ እንጀራ በሽሮ አሰናዱልኝ። ሽማግሌው ደጅ ወጥተው ፀሐይዋ መጥለቋን አይተው፣ «በል አሁን ቅመስ» አሉኝ። ሌሊት የመንዝ ብርድ ሲበረታ ባና ደረቡልኝ፤ ለሰሑርም በሶ በጥብጠው ቀሰቀሱኝ።

መንገደኛ አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲጾም አላህ ፈቅዶለታል። እኔ ግን በማግስቱም ጾምኩ፤ ያ ቤት ጾሙን አግርቶልኛልና።

እንግድነትም ወግ አለው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ልኩን ሦስት ቀን አድርገው፣ ባለቤቱን እስኪያስጨንቁ መቆየትን ከልክለዋል።

በ615 እ.ኤ.አ. ስደተኞቹን ሰሐቦች የተቀበለው የነጃሺ አገር ልጆች ነን። አልቤርጎው ይብዛ፤ መልካም ነው። ዘንድሮ ግን በኢፍጣር ሰዓት መንገደኛ በራችንን ቢያንኳኳ፣ ሃይማኖቱን ከመጠየቃችን በፊት «ይግቡ» እንበል። የዚያ ቤት ዕዳ እስከ ዛሬ አለብኝ።