ጨለማን የሚጠቀም ማይክሮስኮፕ

በፖላራይዝድ ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከተራው የሚለየው በዋናነት በሁለት ማጣሪያዎች ነው። ከናሙናው በታች የሚገባው ፖላራይዘር፣ ከበላዩ ያለው አናላይዘር ይባላል። ተራ ብርሃን በየአቅጣጫው እየተርገበገበ ይጓዛል፤ ማጣሪያው ግን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ለምሳሌ፣ በቋሚ እንጨት በታጠረ አጥር በትር በቁሙ ይሾልካል፤ አግድም ከያዙት አያልፍም። ሁለቱ ማጣሪያዎች በ90 ዲግሪ ሲስተካከሉ፣ የመጀመሪያው ያሳለፈውን ሁለተኛው ያግደዋል። በመመልከቻው የሚታየው ጨለማ ብቻ ይሆናል።

የመሣሪያው ብልሃት ያለው እዚህ ጨለማ ላይ ነው። በሁለቱ ማጣሪያዎች መካከል አንድ የፀጉር ዘለላ ቢያስገቡ ያበራል። ፀጉር የተሠራባቸው የኬራቲን ክሮች በቁመቱ ተደርድረዋል፤ በዚህ ድርድር ውስጥ ብርሃን በቁመትና በወርድ እኩል አይፈጥንም። ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው ወደኋላ ቀርቶ ይወጣል። ሁለቱ አናላይዘሩ ላይ ሲገናኙ ብርሃን፣ አንዳንዴም ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ማንም ቀለም አልነከረውም፤ የፀጉሩ ውፍረትና የክሮቹ አሰላለፍ ያመጣው ነው። ዘለላው ከማጣሪያው አቅጣጫ ጋር ሲገጥም ይጠፋል፤ ናሙናው ያረፈበትን ክብ ጠረጴዛ 45 ዲግሪ ሲያዞሩት ደምቆ ይመለሳል።

ብርሃን እንዲህ ለሁለት መከፈሉን ዴንማርካዊው ኤራስመስ ባርቶሊን ከአይስላንድ በመጣ የካልሳይት ድንጋይ አይቶ በ1669 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኒኮል በ1828 ከዚሁ ድንጋይ ማጣሪያ ሠራ። ዛሬ ያ ሥራ በስስ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ዋጋውም ረክሷል።

ለሐኪም ጥቅሙ ምንድን ነው? ትራይኮታዮዲስትሮፊ የሚባል በዘር የሚወረስ ሕመም ያለበት ልጅ ፀጉሩ የሰልፈር እጥረት ስላለበት በቀላሉ ይሰበራል። በዚህ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ይፈራረቁበታል። ባለሙያዎቹ «የታይገር ጭራ» ይሉታል፤ የእኛው ነብር ባለ ነጠብጣብ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ቆዳ ላይ ጉዳዩ የኮላጅን ነው። ስስ የቆዳ ቁራጭ ፒክሮሲሪየስ ቀይ በሚባል ማቅለሚያ ከተቀለመ በኋላ ወፍራሞቹ የኮላጅን ጥቅሎች ብርቱካንማ ቀይ፣ ቀጫጭኖቹ አረንጓዴ ሆነው ይበራሉ። በጤናማ ቆዳ ጥቅሎቹ በየአቅጣጫው ተጠላልፈዋል፤ በጠባሳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ተሰልፈው ይታያሉ። ቀዩን አንድ ዓይነት፣ አረንጓዴውን ሌላ ዓይነት ኮላጅን አድርገው የሚተረጉሙ ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን ችኮላ ይመስለኛል። ቀለሙ በቅድሚያ የሚናገረው ስለ ውፍረትና ስለ አሰላለፍ ነውና።

በቆዳ ውስጥ የቀረ የእሾህ ስባሪ ወይም የስፌት ክርም በተራ ብርሃን ሊታለፍ ሲችል እዚህ ቦግ ይላል። በእርግጥ የሚያበራ ሁሉ ከታማሚው የመጣ አይደለም። ከጋውን የረገፈ የጥጥ ክር፣ ፎርማሊን በናሙናው ላይ የሚያስቀረው ቡናማ ቅንጣትም ያበራሉ፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት የሚያበራው ነገር በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ይሁን በላዩ፣ የማይክሮስኮፑን ፎከስ እያስተካከለ መጀመሪያ ያጣራል።