የአጋሮ ቡና መመዝገቢያ አፕ በምን ይሠራ?

በጅማ ዞን፣ በአጋሮና በሊሙ ዙሪያ፣ ቀይ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲገባ መዛኙ የገበሬውን ስምና ኪሎ ደረሰኝ ላይ ይጽፋል። ዛሬ ግን ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣው፣ ደን ተጨፍጭፎ የተመረተ ምርት ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ቡናው የበቀለበት መሬት የት እንደሆነ ይጠይቃል። እስከ 4 ሄክታር ላለው ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ የማሳው ወሰን ዙሪያውን መመዝገብ አለበት።

ይህን ለመመዝገብ መዛኙ የሚይዘው አንድሮይድ ስልክ ነው፤ የገበሬዎቹ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ለሁለቱ ለየብቻ ፕሮግራም መጻፍ ድካሙንም ወጪውንም እጥፍ ያደርገዋል። አዝራሩን፣ መጻፊያ ሳጥኑንና ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ሠርቶ በሁሉም መሣሪያ ላይ ለማስኬድ የሚረዱ የገጽታ መሥሪያዎች የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ አንዱ፣ ከ1992 ጀምሮ ያለው ደብሊውኤክስ ዊጄትስ፣ የኮምፒዩተሩን የራሱን አዝራሮች ይጠቀማል፤ ለመዛኙ ስልክ ግን አይሆንም። ኤሌክትሮንም ስልክ ላይ አይሠራም፤ ክሮሚየም የተባለውን ማሰሻ ሙሉውን ስለሚሸከም አፑ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜጋባይት ይበልጣል። በ1995 ከኖርዌይ የወጣው ኪዩትና የጉግሉ ፍለተር በስልክም በኮምፒዩተርም ይሠራሉ። ፍለተር እያንዳንዱን አዝራር ራሱ ይሥላል፤ ስለዚህ መልኩ በየስልኩ አይለዋወጥም።

ለእኛ ትልቁ ጉዳይ ፊደሉና የቀን አቆጣጠሩ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እንደ ዐረብኛ ፊደሎቹ እየተያያዙ ቅርጻቸውን ስለማይለውጡ መሣሉ ቀላል ነው። ፎንቱን ከአፑ ጋር ማሸግ ግን ያስፈልጋል፤ አለዚያ የቆየ ስልክ ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ሊታይ ይችላል። የአካባቢው ሰው አፋን ኦሮሞም ያነባል፤ ፊደሉ ቁቤ አናባቢና ተነባቢ እየደገመ ስለሚጽፍ ያው ትእዛዝ ከአማርኛው ይረዝማል፤ ስፋቱ የተወሰነ አዝራር ይቆርጠዋል። ጳጉሜንስ? ኪዩት በ2019 የጁሊያን፣ የፋርስና የእስልምና አቆጣጠሮችን ሲጨምር የእኛ 13 ወር አልገባም። የፍለተርም ቀን መምረጫ የተዘጋጀው ለፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አንድሮይድ ግን ከ2016 ጀምሮ፣ ከ7ኛው እትሙ አንስቶ፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሰላ ክፍል በውስጡ አለው።

እኔ ፍለተርን እመርጣለሁ፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃዱ ክፍያ አይጠይቅም፣ ከ2022 ወዲህ ዊንዶውስ ላይም አስተማማኝ ሆኗል። መረጃው ኔትወርክ እስኪመጣ ስልኩ ውስጥ ይቆይ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሆይ፣ ከመወሰናችሁ በፊት አፑን ገበያ ላይ ባለው በጣም ርካሽ ስልክ ሞክሩት፤ የ13 ወሩን ቀን መምረጫ ስትሠሩም ሌላው እንዲጠቀምበት ኮዱን ክፍት አድርጋችሁ ልቀቁት።