ሰቆጣ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፦ አሮጌ መኪና ለምን ሂት ያደርጋል?

ሰቆጣ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ትበልጣለች፤ 300 ሜትር ያህል ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ ከላይ የሚጫነን አየር ስለሚሳሳ ውሃ ከበፊቱ በ1 ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ሳይበስል ምድጃ ላይ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህችን 93 ያዙልኝና ኮፈን እንክፈት። የብዙ አሮጌ መኪኖች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ በደህና ከሚሠራበት ሙቀት እስከ መፍላት ያለው ልዩነት 11 ዲግሪ ብቻ ሆነ ማለት ነው! በዚህች ክፍተት ከተከዜ ሸለቆ ወደ ሰቆጣ ጭነት ይዞ መውጣት አይታሰብም።

ታዲያ መኪኖቹ እንዴት ይወጣሉ? የራዲያተሩ ክዳን ነው የሚያወጣቸው። ብዙ ሰው ውሃው እንዳይፈስ የሚከድን ተራ ነገር ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። አናቱን ብታዩ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለበት። ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር በስንት ባር እስኪበልጥ ድረስ እንደሚይዝ የሚናገረው ያ ቁጥር ነው። ግፊት የተጫነው ውሃ በቀላሉ አይፈላም። ጤነኛ ባለ 0.9 ክዳን ሰቆጣ ላይ ያንን 93 ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከተቀላቀለበት ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ክዳኑ ሲደክም ይህ ሁሉ ይጠፋና ወደ 93 እንመለሳለን። ቆላ ላይ በደከመ ክዳን ለወራት ሲሄድ የኖረ መኪና ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ ሲደርስ በመጀመሪያው ዳገት የሚያፈላው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ክዳኑን ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ፤ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ግን። ፍቱትና ገልብጡት። ጠንካራ ስፕሪንግ፣ ከሥሩ የጎማ ቀለበት፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ ብረት ታገኛላችሁ። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ በጥልቀት ታትሞበት ከቀረ ግፊት አይዝም። ትንሿን ብረት በጥፍራችሁ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቋት፤ ወዲያው መመለስ አለባት። እሷ ናት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ መጠባበቂያው ዕቃ ወጥቶ የነበረውን ውሃ መልሳ የምታስገባው። ማታ ያቆማችሁት መኪና የላይኛው የራዲያተር ጎማ ጠዋት ወደ ውስጥ ተምጎ ጠፍጣፋ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ይህች ብረት ተጣብቃ ይሆናል።

ክዳኑ ደህና ሆኖም ሙቀቱ ካልተወ፣ መካኒክ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ፤ መኪናው የሚሞቀው መቼ ነው? ከተማ ውስጥ ቆሞ ወይም ቀስ እያለ ሲሞቅ፣ መንገድ ላይ ሲሮጥ ግን ሲበርድ፣ ችግሩ አየር ነው። ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ግን ሥራው ሁሉ የፋኑ ነው። ቺንጋው ላልቷል? በኤሌክትሪክ የሚዞር ፋን ከሆነ ጭራሽ ይነሳል? እንደ ላንድክሩዘር ባሉት ላይ ደግሞ ፋኑ መሀል ዘይት ያለበት ማያያዣ አለ፤ ሲሞቅ ጨብጦ ማዞር ያለበት እሱ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፋኑን በእጅ ስትገፉት ያለ ምንም ተቃውሞ ደጋግሞ ከዞረ ማያያዣው ሞቷል።

ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የነዳጁ ሙቀት ሲሶ ገደማ የሚወገደው በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ነው፤ ዳገት ላይ የሚቃጠለው ነዳጅ ሲበዛ ይህም አብሮ ይበዛል። በግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ሜዳ ላይ ችግሩ አይታወቅም፣ ዳገት ላይ ይጋለጣል። በአገራችን በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር፣ 1ኤችዜድ፣ ተርቦ የለውም። የሰቆጣ አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሮጥም። ያው ሳሳ ያለ አየር ራዲያተሩንም ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ይህን ላክልበት፦ ቀን ላይ በሸለቆ ውስጥ የሞቀ አየር ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ ይነፍሳል። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ቆላ ወደ ደጋው የሚወጣ መኪና ነፋሱ ከኋላው ስለሚሆን ለራዲያተሩ የሚደርሰው አየር ትንሽ ነው። እንግዲህ እዚያ መንገድ ላይ ለማብረድ ስትቆሙ፣ ቦታው ከፈቀደ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ። በማለዳ መውጣት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

የራዲያተሩን ፊት በደንብ ተመልከቱት። በጠጠር መንገድ የኖረ መኪና ክንፎቹ መሀል አቧራ፣ ገለባና ጭቃ ይጋገራል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቡት፤ ኃይለኛ ግፊት ቀጫጭኖቹን ክንፎች ያጣምማቸዋል። የውስጡ ደለል ግን የሚመጣው ከምንሞላው ውሃ ነው። የምንጭና የጉድጓድ ውሃ የሟሟ ማዕድን ይዞ ይገባል፤ ሲሞቅ ማዕድኑ ቱቦዎቹ ላይ ይጋገራል፤ ኩላንት የሌለው ውሃ ደግሞ ብረቱን ያዝጋል። ሞተሩ ሞቆ ከቆመ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በእጅ ዳበስ ብታደርጉ፣ አጠገቡ ያለው ሲያቃጥል ቀዝቅዞ የቀረ ቦታ ካለ የተደፈነው እዚያ ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ስለሚችል እጃችሁን ከእሱ አርቁ።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ መፍትሔ ነው። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ሄዶ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ግን ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ይተካበት። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት ራዲያተሩን አልፎ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ የሚዘጋውም እሱ ነው። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሊያበርዱት ሲሉ ዳገት ላይ ያባብሱታል። በደጋው ብርድ ደግሞ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

የሁላችንም ፍርሃት የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የትም ሳያንጠባጥብ ውሃ የሚጎድል፣ በማርሚታው በኩል ሳያቋርጥ ነጭ ጢስ የሚወጣ፣ የዘይቱ መልክ እንደ ወተት የሆነ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱት፤ አየሩ ከወጣ በኋላም አረፋው ካላቋረጠ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ይህ ያለጥርጥር የመካኒክ ሥራ ነው፤ ቴስታታው ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይለካል።

ጌጁን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ውሃው ጨርሶ ከፈሰሰ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀርና ቀስቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው። መንገድ ላይ ቀስቱ መውጣት ሲጀምር የክፍሉን ማሞቂያ እስከ ጫፍ ክፈቱት፤ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። እንፋሎት ካያችሁ ግን አጥፉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በሞቀ ሞተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ይልጣል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል። ረዳቱ ቢቸኩልም፣ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም፣ ጠብቁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ቴስታታ ለማስወረድ ከመስማማታችሁ በፊት ከርካሹ ጀምሩ፤ መጀመሪያ ክዳኑ፣ ቀጥሎ ቺንጋና ፋን፣ ከዚያ የራዲያተር እጥበት፣ ቴርሞስታት፣ መጨረሻ ላይ ጓርኒሲዮን። ክዳን ስትገዙም ቁጥሩ ለሞተራችሁ የታዘዘው መሆኑን አረጋግጡ፤ ከታዘዘው የበለጠ ግፊት ያረጀ ጎማና ራዲያተር ያፈነዳል።